እንቢ የማይባል ጥያቄ

ማሬታን የተውናት አውቶቡሱ የፊጂ ዋና ከተማ ሱቫ ላይ አራግፏት ሲሄድ ነው፤ ምንጣፏን ጠቅልላ ብብቷ ስር ይዛ፣ ዝናብ ላይ ቆማ። ዝናቡ አሁንም አለ። የሐምሌን የሱቫ ዝናብ የማያውቅ ሰው እስኪያባራ ልጠብቅ ይላል፤ የምናውቀው ዝም ብለን እንሄዳለን። እሷም ትንሽ ጠበቀች፣ ከዚያ ሄደች።

ታሪኩን ዛሬ ለምትጀምሩት በአጭሩ ልንገራችሁ። ማሬታ የማራኬይ ልጅ ናት፤ ከኪሪባስ ደሴቶች አንዷ፣ ከዋናው ደሴት ከታራዋ ራቅ ያለች። አባቷ ጠዋትና ማታ ኮኮናት ዛፍ ላይ እየወጣ፣ እየዘፈነ፣ ጣፋጭ ውሃውን የሚቀዳ ሰው ነው። ልጅቷ ፈተናውን አልፋ ፊጂ መጥታ እንድትማር ተላከች። ይዛ የመጣችው ምንጣፉን፣ ሁለት ቀሚስና አባቷ ከዚያ ውሃ ያፈላውን አንድ ጠርሙስ ካማይማይ ነው፤ እንደ ማር የወፈረ፣ እንደ ማር የሚጣፍጥ።

ጠርሙሱ ከእሷ ጋር አላደረም።

በተማሪዎች ማደሪያ የደረሳት ክፍል ውስጥ አኬኔቴ የምትባል የታራዋ ልጅ አልጋ ላይ ተጋድማ ጥፍሯን ቀለም ትቀባለች። ማሬታ ጓዟን ስትፈታ ቀና ብላ አየች፤ ስሟን እንኳ ሳትጠይቃት ዘላ ተነሳች።

"ካማይማይ ነው? ኧረ በናትሽ! ቡቡሲ እቴ፣ ቡቡሲ!"

ማሬታ ጠርሙሱን አንስታ ሰጠቻት።

ምን ታድርግ? በእኛ ዘንድ አንድ ሰው "ቡቡሲ" ብሎ ከጠየቀ እንቢ አይባልም። መረብ ይሁን፣ ጀልባ ይሁን፣ ለማሳደግ ልጅም ይሁን፣ ይሰጣል። እንቢ ያለ ሰው ስሙ ይጠፋል፣ ልጆቹም "የእንቢተኛው ዘር" እየተባሉ ያድጋሉ። የጠየቀም በተራው ስለሚጠየቅ ጨዋ ሰው አፉን ይቆጥባል። አኬኔቴ ግን አፏን የምትቆጥብ ልጅ አልነበረችም።

"አይዞሽ፣" አለቻት ጣቷን ጠርሙሱ ውስጥ ነክራ እየላሰች፣ "እኔ አለሁልሽ። እዚህ አገር ያለ እኔ ትጠፊያለሽ።"

አልዋሸችም። ማሬታ በማግስቱ ጠፋች።

ያስቸገራት ቁልቁለቱ ነው። ማራኬይ ላይ ከኮኮናት ዛፍና ከቤተ ክርስቲያን ጣራ በቀር ከፍ ያለ ነገር የለም። መሬቱ እንደ ተዘረጋ ምንጣፍ ነው። የዩኒቨርሲቲው ግቢ ግን ይወጣል፣ ይወርዳል፣ እንደገና ይወጣል። ማሬታ ቁልቁለቱ አፋፍ ላይ ስትደርስ ሰው የሚወረውራት መስሎ ተሰማት። ሳሩን በእጇ እየያዘች በመቀመጫዋ ተንፏቃ ወረደች። መዝገብ ቤቱ በር ላይ የተሰለፉት ተማሪዎች ያዩዋታል። ቀሚሷ ጭቃ ሆነ። ዝናቡ አጥንቷ ውስጥ ገባ፤ ጥርሷ ይንቀጫቀጫል።

አኬኔቴ ከሰልፉ መሀል ጠራቻት። "ነይ ወዲህ! የባሕር ኤሊ መስለሽ መጣሽ እኮ! በርዶሻል?"

"አልበረደኝም።"

"ጥርስሽ ምን እያለ ነው ታዲያ? ያውልሽ፣ ያን ሰማያዊ ጃኬት የለበሰውን ታይዋለሽ? ጃኬቱን ጠይቂው።"

"ኧረ አላውቀውም!"

"ቴካይን ማወቅ ምን ያደርጋል? የካፒቴኑ ልጅ ነው። ሁሉም ሰው ነው የሚጠይቀው። ባለፈው ወር ጫማውን ሰጥቶ በባዶ እግሩ ፈተና ገባ።"

ልጁ ስሙን ሰምቶ ዞረ። እንዲያው ቁመናው ያን ያህል የሚያስደነግጥ አይደለም፤ ትከሻው ሰፊ፣ ፊቱ ክብ፣ እንቅልፍ ያልጠገበ የሚመስል። ዓይኑ ግን የማሬታ ቀሚስ ጭቃ ላይ አላረፈም፣ ፊቷ ላይ አረፈ። እዚያው ቆየ። እሷም ዓይኗን ከእሱ ላይ ማንሳት ሲገባት አላነሳችም። ከዚያ በፊት ማንም እንደዚያ አይቷት አያውቅም፤ እሷም አይታ አታውቅም።

"ጃኬትህን…" አለች፣ ድምጿ እየጠፋባት፣ "ቡቡሲ።"

አውልቆ ትከሻዋ ላይ ጣል አደረገላት። "ኪሱ ውስጥ ግማሽ ብስኩት አለ። እሱም ያንቺ ነው።"

ሰልፈኛው ሳቀ። ከኋላ አንዲት ልጅ፣ "የሩቅ ደሴት ሰው! ገና ሳትመዘገብ ልመናዋን ጀመረች!" አለች። ማሬታ ሰማች። ፊቷ እሳት ሆነ። ጃኬቱ የእሱን ሙቀት እንደያዘ ነበር፤ እፍረቱና ሙቀቱ አንድ ላይ ወረሷት።

በማግስቱ ጠዋት ቴካይ ማደሪያው በር ላይ ቆሞ ተገኘ።

"ቁልቁለቱን ላውርድሽ፣" አለ።

"ራሴ እወርዳለሁ።"

"በመቀመጫሽ?"

ሳትወድ ሳቀች። እሱ ከታች በኩል ሆነ፣ እሷ ከላይ። "እግርሽን ብቻ እዪ፣" አላት። "ታች ታች አትመልከቺ። ብትወድቂም የምትወድቂው እኔ ላይ ነው፤ እኔ ደግሞ እንደምታይው ወፍራም ነኝ፣ አልጎዳም።"

"ወፍራም አይደለህም።"

"አመሰግናለሁ። እናቴ ብትሰማሽ ትቀየምሽ ነበር። እኔን ለማወፈር ያልሞከረችው ነገር የለም።"

በዚያው ቀጠለ። ጠዋት ጠዋት በር ላይ አለ። ደረጃ እንዴት እንደሚወጣ አሳያት፤ ሦስት ፎቅ ወጥታ ወደ ታች ማየት ስትፈራ በግድግዳው በኩል እንድትሄድ አድርጎ እሱ በውጪው በኩል ሆነ። የግቢው በር ላይ ከምትሸጠው ሴትዮ ሮቲ የሚሉትን ድንች የተጠቀለለበት ቂጣ እየገዛ ለሁለት ቆረሰላት። ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ ኮምፒውተሩ እሺ ሲላት ከእሷ በላይ ደስ የሚለው እሱ ነበር።

ስለ እሱ ቤት ያልሰማች አይምሰላችሁ። አባቱ የመርከብ አዛዥ ነው፤ ታራዋ ላይ ባለ ሁለት ፎቅ የሲሚንቶ ቤት አላቸው፣ መኪና አላቸው። እናቱ ለልጇ የምትመኝለት የባለሥልጣን ልጅ እንጂ ዛፍ ላይ የሚወጣ ሰው ልጅ እንዳልሆነች አኬኔቴ በየቀኑ ትነግራታለች። ማሬታ ይህን ሁሉ እያወቀች ጠዋት ጠዋት ፀጉሯን ስታበጥር ከወትሮው ትቆያለች። ሰው ልቡን አላውቅም ሲል አልሰማውም እኔ፤ ልብማ ይታወቃል፣ የሚያስቸግረው ማመኑ ነው።

አንድ ከሰዓት በኋላ ባሕሩ ዳር ግንቡ ላይ ተቀመጡ። ባሕሩ ሸሽቶ ጭቃው ታየ።

"ባሕራችሁ ይሸታል፣" አለች።

"የኔ አይደለም እኮ። የፊጂዎች ነው።"

"የኛ ባሕር ምንም አይሸትም።"

"ይሸታል። ለምደሽው ነው።" ጠጠር አንስቶ ወረወረ። "አንድ ነገር ልንገርሽ፣ እንዳትስቂ። እኔ ባሕር ላይ ያስመልሰኛል።"

"አንተን? የካፒቴኑን ልጅ?"

"አንጀቴ እስኪወጣ ድረስ። አባቴ መርከቡን እንድረከብ ይጠብቃል። ይህን ለማንም ነግሬ አላውቅም፤ ለእናቴም።"

አልሳቀችም። "እኔ ቁልቁለት እፈራለሁ፣ አንተ ባሕር ትፈራለህ፣" አለች ቀስ ብላ። "ታዲያ እኛ የት እንኑር?"

"እኛ" ማለቷን የሰማችው ካፏ ከወጣ በኋላ ነው። እሱም ሰማ። ሁለቱም ወደ ጭቃው ዞሩ። አንድ ሸርጣን ከጉድጓዱ ብቅ ብሎ ተመልሶ ገባ። ማሬታ ያን ቀን ወደ ማደሪያው የተመለሰችው እግሯ መሬት ሳይነካ ነው፤ ቁልቁለቱ መኖሩንም ረሳችው።

ደስታ የጎረቤት ዕቃ ነው፣ ባለቤቱ ሲመጣ ይወስደዋል። የማሬታንም የወሰደባት ሌላ ሰው ሳይሆን አኬኔቴ ናት፤ ደግሞ በክፋት አይደለም።

አርብ ዕለት ልብስ ማጠቢያው ቤት ሁለቱ ሲያጥቡ፣ ማሬታ ጃኬቱን ለብቻው አድርጋ፣ ቀለሙ እንዳይለቅ ፈርታ በእጇ ታሻለች። አኬኔቴ አይታት ከት ብላ ሳቀች።

"አየ ጉድ! ጃኬት እንደ ሕፃን ሲታጠብ! በይ አመስግኚኝ እንጂ። ያለ እኔ ቴካይን የት ታገኚው ነበር?"

"አንቺ ምን አደረግሽ?"

"ምን አደረግሽ ትላለች! የተመዘገብሽ ቀን ሄጄ ነገርኩት እንጂ። 'ይህቺ የክፍሌ ልጅ ቁልቁለት ላይ አንገቷን ትሰብራለች፣ ቡቡሲ፣ አንተ አውርዳት፣ አሳያት' አልኩት። እሱ እንደሆነ እንቢ አያውቅ!" ሳሙናውን አሸች። "ምነው? ምን ሆንሽ? ገረጣሽ እኮ!"

"ምንም አልሆንኩም።"

የማሬታ እጅ ውሃው ውስጥ እንዳለ ቀረ። ለካ ተጠይቆ ነው። በር ላይ መቆሙ፣ ከታች በኩል መሆኑ፣ ሮቲውን ቆርሶ ትልቁን ለእሷ ማድረጉ። ጫማውን እንደሰጠው ሰው፣ ሸሚዙን እንደሰጠው ሰው፣ ራሷንም ከእነዚያ መሀል ቆጠረች። ምናልባት ጠዋት ጠዋት ከእንቅልፉ ሲነሳ "ውይ፣ ዛሬም እሷ አለች" እያለ ይሆናል። ባሕሩ ዳር "እኛ" ስትለው ዝም ያለውም እንቢ ማለት ስለማያውቅ ይሆናል። ያቺ ሰልፍ ላይ "ልመናዋን ጀመረች" ያለችው ልጅ እውነቷን ነው።

አንጀቷ እርር አለ። አላለቀሰችም። ጃኬቱን ጨምቃ፣ ሳይደርቅ አጥፋ ለአኬኔቴ ሰጠቻት። "መልሺለት።"

"እብድ ነሽ? በቡቡሲ የተሰጠ ይመለሳል እንዴ? ሰውየውን መስደብ ነው እኮ!"

"መልሺለት አልኩሽ።"

የዚያኑ ቀን ሳይመሽ ቴካይ እርጥቡን ጃኬት ክንዱ ላይ አንጠልጥሎ መስኮቷ ስር መጣ። "ማሬታ! ምን አጠፋሁ?"

ከመጋረጃው ኋላ ቆማ አየችው። ዝናቡ ፊቱ ላይ ይወርዳል፤ እሱ አይጠርገውም። "የተጠየቅኸውን ጨርሰሃል፣" አለችው። "ሂድ ወደ ቤትህ።"

መስኮቱን ዘጋች። ሲሄድ የእግሩን ድምፅ ለመስማት ጆሮዋን መስታወቱ ላይ ለጠፈች፤ የሰማችው የራሷን ልብ ብቻ ነው።

ቅዳሜ ሱቫ ያሉት የአገራችን ሰዎች አዲስ ለመጡት ተማሪዎች ያዘጋጁት ድግስ ነበር። በኪሪባስ ሰው ድግስ የሚቀርበት ሰበብ የለም፤ ቢያምህም ተሸክመውህ ይመጣሉ። ማሬታም ሄደች። የቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ወለል ላይ ምንጣፍ ተነጥፎ ሰው ሁሉ በየደሴቱ ተከፋፍሎ ተቀምጧል። አዲሶቹ ራሳቸው ላይ አበባ ተደርጎላቸዋል። ምግቡ መሀል ላይ ተደርድሯል፤ የተጠበሰ ዓሣ፣ በኮኮናት ወተት የተቀቀለ ካሳቫ፣ የቆርቆሮ ሥጋ፣ ሩዝ በድስት በድስት። ንግግሩ ግን አላለቀም። አዛውንቱ ኢዮቴባ ሲናገሩ ሩዝ ይቀዘቅዛል፤ ይህ የታወቀ ነው።

በመጨረሻ ጸሎት ተደርጎ ሰው ሳህን ሲያነሳ፣ ቴካይ ወገቡን ዝቅ አድርጎ፣ በሽማግሌዎቹ ፊት አጎንብሶ አለፈና ማሬታ ፊት ቁጭ አለ።

"ምን በደልኩሽ?" አለ በዝግታ።

"ምንም።"

"ጃኬቱን መለስሽልኝ እኮ። ጠላትም እንዲህ አያደርግም።"

"የሰጠኸኝ ሁሉ ተጠይቀህ ነው። አኬኔቴ ጠይቃሃለች ወይስ አልጠየቀችህም?"

ቴካይ ወደ አኬኔቴ ዞረ፤ አኬኔቴ ዓሣዋ ውስጥ የጠፋባት ነገር ያለ ይመስል አቀረቀረች። እሱ መዋሸት አይችልም። "ጠይቃኛለች፣" አለ።

እስከዚያች ሰዓት ድረስ ማሬታ ልቧ ውስጥ የሆነች ትንሽ በር ክፍት ነበረች። "አልጠየቀችኝም" ቢላት ደስ ይላት ነበር፣ ውሸት ቢሆንም። በሩ ተዘጋ። ታዲያ ወደደችው አይደል? የወደደችውን ሰው ከዚህ ሸክም ታውጣው። እንቢ ማለት ለማይችል ሰው የሚደረግለት አንድ ውለታ አለ፤ ይኸውም መሄጃ መስጠት ነው። አሁን "ተወኝ" ብላ ብትጠይቀው "እሺ" ይላታል፣ ነገሩም ያልቃል። ቀና ብላ ተቀመጠች።

"እንግዲያው እኔም ልጠይቅህ። ቡቡሲ፣ ቴካይ። ከዛሬ ጀምሮ በሬ ላይ አትምጣ። ከጎኔ አትሂድ። ተወኝ።"

ጮክ ብላ አልተናገረችም፤ ቃሉ ግን ቃል ነው። ዙሪያዋ ያሉት ሳህናቸውን አወረዱ። እሷ "እሺ" የሚለውን ለመስማት ዓይኗን ጨፈነች።

"እንቢ፣" አለ ቴካይ።

ዓይኗን ገለጠች።

"ምን አለ?" አሉ አዛውንቱ ኢዮቴባ እጃቸውን ጆሯቸው ላይ አድርገው።

"እንቢ አለ፣" አለ አንድ ሰው።

"ማን?"

"የካፒቴኑ ልጅ።"

"የካፒቴኑ ልጅ?" ሽማግሌው ሳህናቸውን ገፉ። "አንተ ልጅ፣ ና ወዲህ ተመልከተኝ። የተጠየቅኸው በምን እንደሆነ ሰምተሃል?"

"ሰምቻለሁ አባባ።"

"አባትህ ቤት እንቢ ተብሎ ያውቃል?"

"አያውቅም።"

"እናትህ ስትሰማ ምን ትላለች?"

"ታለቅሳለች።"

"ታዲያ ምን ነካህ?"

እንቅልፍ ያልጠገበ የሚመስለው የቴካይ ፊት ነጭ ሆኗል። "አባባ፣ እኔ ሲጠይቁኝ ነው ያደግኩት። ጫማ ሲሉኝ ጫማ፣ ሸሚዝ ሲሉኝ ሸሚዝ። ስሰጥ ደስ ብሎኝም አይደለም፣ ከፍቶኝም አይደለም፤ የኔ የሚባል ነገር ስለሌለኝ ነው። ይህን ግን አልሰጥም። ከእሷ ጎን መሄዱን ለማንም አልሰጥም፣ ለራሷም ቢሆን። ስሜ ይጥፋ።"

ያን ጊዜ ከኋላ፣ ሩዝ ከሚያወጡት ሴቶች መሀል፣ ጥርስ የሌላቸው እማማ ታቢታ ጭልፋቸውን አንስተው፣ "እኔስ! በልጅነቴ እንዲህ ያለ እንቢተኛ ቢመጣልኝ ምን ነበረበት!" አሉ። ባላቸው አጠገባቸው ተቀምጠው ነው እንዲህ የሚሉት። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ፤ ባልየውም ሳቁ።

ሽማግሌው አልሳቁም፤ ጢማቸው ግን ተንቀሳቀሰ። "ሳቅ ሌላ ነው፣ ወግ ሌላ ነው። እንቢ ያለ ይቀጣል። የዛሬውን ድስት ሁሉ ብቻህን ታጥባለህ። ወሬውም ታራዋ ሲደርስ ስሙን የምትሸከመው ራስህ ነህ። በሉ ብሉ፣ ሩዙ በረደ።"

ማሬታ ግን መብላት አልቻለችም። በሕይወቷ ሙሉ ሰው እሺ ሲላት ነው የኖረችው፤ "እንቢ" የሚለው ቃል እንዲህ ሞቆ እንደሚገባ ማንም አልነገራትም።

ከአዳራሹ ጀርባ ቧንቧው ስር ድስቱ ተከምሯል። ቴካይ እጅጌውን ሰብስቦ፣ በአንድ ጉልበቱ ተንበርክኮ የሩዙን ቅርፊት ይፈገፍጋል። ከጣራው የሚወርደው ዝናብ ጀርባውን ያርሰዋል። ማሬታ ቀሚሷን ጉልበቷ መሀል ሰብስባ ከጎኑ ቁጭ አለች፤ አንድ ድስት ወደ ራሷ ሳበች።

"ብቻህን ነው ተብሏል፣" አለ ቀና ሳይል።

"እኔን የቀጣኝ የለም። በፈቃዴ ነው።"

ጥቂት ጊዜ ሁለቱም ፈገፈጉ።

"አሸዋ ጨምሪበት፣" አላት።

"ድስት ማጠብ ልታስተምረኝ ነው?"

"አይ… ዝም ከምል ብዬ ነው።"

ልትስቅ ፈለገች፣ እንባ ቀደማት። በክንዷ ጠረገችው። "ቴካይ፣ አኬኔቴ ስትጠይቅህ ምን ብላ ነው?"

"ጠዋት ከአልጋሽ ተነስተሽ ቁልቁለቱን እስክትወርጂ። ለአንዲት ጠዋት።"

እጇ ቆመ። "ለአንዲት ጠዋት?"

"ለአንዲት።"

"ሌላውስ?"

"ሌላውን ማንም አልጠየቀኝም።"

ድስቱን አስቀመጠችው። "ታዲያ እዚያ ውስጥ ለምን አልተናገርክም? በሰው ሁሉ ፊት ስምህን ከምታጠፋ!"

"ብነግርሽ ታምኚኝ ነበር?"

አሰበችው። እውነቱን ልትነግረው ፈለገች፣ እሱም እንዲሁ ነግሯታልና። "አላምንህም ነበር፣" አለችው።

"እንደዚያ መስሎኝ ነው።"

አያት። ጉንጩ ላይ ጥላሸት አለ፣ ቅንድቡ ላይ የዝናብ ጠብታ ተንጠልጥሏል። በሰልፉ ቀን እንዳያት አድርጎ ያያታል፤ ያኔም ማንም ገና ምንም አልጠየቀውም ነበር። ይህን አሁን ነው ያስተዋለችው። ጣቷን አንስታ ጥላሸቱን ልትጠርግለት ነካችው፤ እጇ ራሱ ጥላሸት ስለነበረ ባሰበት። እሱ ዓይኑን ጨፈነና ጉንጩን መዳፏ ላይ አሳረፈው፤ የቀኑን ድካም ሁሉ እዚያ እንዳስቀመጠ ሰው ተነፈሰ።

ከአዳራሹ ውስጥ ዘፈኑ ተጀመረ፤ ጭብጨባው ወለሉን ይመታል። ነገ፣ ግፋ ቢል ከነገ ወዲያ፣ የዚህ እንቢታ ወሬ ታራዋ ይገባል፤ የሲሚንቶውን ደረጃ ወጥቶ እናቱ ጆሮ ይደርሳል። ያቺ ሴትዮ ምን እንደምትል ሁለቱም ያውቃሉ። ማሬታ ፈራች፣ አልዋሽም። እጇን ግን አላነሳችም። ፍርሃቱና ደስታው እኩል ደረቷ ውስጥ ገብተው ይላተማሉ፤ የትኛው የትኛው እንደሆነ መለየት አቃታት፣ መለየትም አልፈለገች፤ ብቻ ከሁለቱም አንዱ እንዳይቀንስባት ሳሳች።